ወንዙ መቼ ወደ ልኩ ይመለሳል?

(ለደጋፊ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



የዋቢ ሸበሌ ወንዝ በድርቅ በጎደለ ቁጥር የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ነው፤ «ወንዙ መቼ ይመለሳል?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ብዙ ነገር በመልሱ ላይ ይመሠረታልና። ውሃ የሚያመላልሰው ቦቴ መቼ ይቁም? ከቀዬው የተፈናቀለው ቤተ ሰብ መቼ ይመለስ? በወንዙ ዳር የሚያርሰው ገበሬ ያለችውን ጥቂት ዘር መቼ ይዝራ? ቦቴው ከጊዜው አስቀድሞ ከቆመ ሕፃናት ይጠማሉ። ዘሩ ያለ ጊዜው ከተዘራ ሌላ ዘር የለም።

እንግዲህ ዛሬ ልንነግራችሁ የምንወደው ይህን ነው። የወንዙን መመለሻ ቀን ቈርጦ የሚናገር ቢመጣ አትመኑት። ዕድሉን ማስላትና ምልክቱን ማወቅ ግን ይቻላል። ርዳታችንም የሚቆምበት ጊዜ በዚሁ ምልክት መወሰን አለበት።

ከሁሉ አስቀድሞ ወንዙን እንወቅ። ዋቢ ሸበሌ ከአርሲና ከባሌ ደጋ ይነሣል። በኢሚ፣ በጎዴ፣ በቀላፎና በሙስታሂል አልፎ ወደ ሶማሊያ ይገባል፤ በለድወይንን አቋርጦ ወደ መቋዲሾ ከተጠጋ በኋላ ባሕሩን ሳይነካ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይታጠፋል። በአብዛኛው ዓመት ውሃው ከውቅያኖስ ሳይደርስ በረግረግና በእርሻ መካከል ያልቃል። ስለዚህ የጎዴ ሰው ከወንዙ የሚቀዳው ውሃ አብዛኛው በሩቅ ደጋ የዘነበ ነው። ጎዴ ላይ ደመና ማየት ለግጦሹ ተስፋ ይሰጣል እንጂ ስለ ወንዙ ብዙ አይናገርም።

«ልክ» የምንለውም አንድ ቁጥር አይደለም። ወንዙ ከጥር እስከ መጋቢት ዝቅ ይላል። በሚያዝያና በግንቦት ይሞላል፤ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ደግሞ የደጋው ክረምት ሲወርድ ዳግመኛ ከፍ ይላል። ስለ ሆነም የጥርን ውሃ ከጥር፣ የግንቦትን ከግንቦት ጋር ማመዛዘን ይገባል። ባለሙያዎች ለዚህ የ30 ዓመት መዝገብ ይይዛሉ፤ አሁን የሚሠራበትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው።

ታዲያ ዝናብ ከመጣ ወንዙ ለምን ወዲያው አይመለስም? ድርቅ በምድር ላይ ዕዳ ስለሚተው ነው። የመጀመሪያውን ዝናብ የደረቀው አፈር ይጠጣዋል። አፈሩ ከጠገበ በኋላ ትርፉ ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል። በበጋ ዝናብ በማይኖርበት ወራት ወንዙን የሚያቆመው ምንጭ የሚነሣው ከዚያ ነው። በላይኛው ወንዝ ያለው የመልካ ዋከና ግድብም የጎደለበትን መሙላት አለበት። ይህ ሁሉ ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዓመት በላይ ይወስዳል።

ነገር ግን ሣሩ ያለቀበት፣ ገጹ እንደ ሸክላ የደረቀ ተዳፋት ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድበት ውሃውን መያዝ አይችልም። ያን ጊዜ ዕዳው ሳይከፈል ጎርፍ ይመጣል። በአንድ ዓመት ውስጥ ድርቅም ጎርፍም የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን በዓይናችን ያሳየን የ2015 ዓ.ም. ነገር ነው። ከ2013 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ላኒና የሚባለው የፓሲፊክ ውቅያኖስ መቀዝቀዝ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ነበርና በቆላው ዝናብ ቀነሰ። በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሶማሊያ ከ13 ሚሊዮን የሚበልጡ እንስሳት አለቁ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ናይሮቢ የሚገኘው የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል የሚቀጥለው ወቅትም ከመደበኛው በታች የመሆን ዕድሉ እንደሚያመዝን አስታወቀ። ሆኖም በመጋቢት ብዙ ዝናብ ወረደ። በግንቦት ወንዙ በለድወይን ላይ ሞልቶ ወደ 200 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከቤቱ አስወጣ። በ2016 ዓ.ም. መኸር ደግሞ ኤልኒኞ ከምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ መሞቅ ጋር ተባብሮ በወንዙ ግራና ቀኝ ዳግመኛ ጎርፍ ሆነ።

እንግዲህ ትንበያው ዋሸን? አልዋሸም። «ያመዝናል» ማለት «ይሆናል» ማለት አይደለም። የዝናብ መቀነስ ዕድል 45 ከመቶ ነው ሲባል፣ 55 ከመቶ ሌላ ነገር የሚሆንበት ዕድል አለ ማለት ነው። ደግሞም በእኛ ቆላ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ዝናብ ከውቅያኖሱ ሙቀት ጋር በጥብቅ የተያያዘ ስለ ሆነ በተሻለ ይተነበያል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ግን ለባለሙያዎችም አስቸጋሪ ነው።

የወንዙም መመለስ የሚሰላው በዚሁ መንገድ ነው። በመጀመሪያ ዛሬ በአፈሩ፣ በምንጩና በግድቡ ያለው ውሃ ይለካል። ከዚያም ያለፉት 30 ዓመታት ዝናብ አንድ በአንድ በዚህ የዛሬ ጉድለት ላይ እንደ ዘነበ ተደርጎ ይቆጠራል። ለምሳሌ ያህል ከ30ዎቹ በ12ቱ ወንዙ እስከ ኅዳር ወደ ልኩ ከደረሰ፣ ዕድሉ 40 ከመቶ ነው እንላለን። ያን ጊዜ አስተዋይ ሰው ለ40ው ተስፋ ያደርጋል፤ ለ60ው ስንቅ ይሰንቃል።

ለመሆኑ ተመልሷል የምንለው ምን ስናይ ነው? ሦስት ምልክት እንጠብቃለን። አንደኛ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ወራት የወንዙ ከፍታ ለዚያ ወር ከተለመደው ልክ ሲደርስ። ሁለተኛ፣ የምንጮችና የእጅ ጉድጓዶች ውሃ በገመድ ሲለካ ከድርቁ በፊት ወደ ነበረበት ሲቀርብ። ሦስተኛ፣ በደጋው ሁለት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ሲሠምር። የግንቦት ሙላት ብቻውን ከእነዚህ አንዱን አይተካም።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ሆይ፣ በወንዙ ዳር የቆመውን መለኪያ በየቀኑ በአንድ ሰዓት አንብባችሁ ጻፉ። ወንዙ በደረቀበት ቀንም «ደረቅ» ብላችሁ ጻፉ፤ መዝገቡን አትዝለሉ። ዛሬ የምትጽፉት ቁጥር ከሌለ የሚቀጥለው ድርቅ ስሌት በጨለማ ይሠራል።

እናንተ ምእመናን ደግሞ የጎርፉን ፎቶግራፍ አይታችሁ «እንኳን ውሃው መጣላቸው» ብላችሁ እጃችሁን አትሰብስቡ። ግመል 13 ወር ያህል ታረግዛለች። እንስት ግመሎቹ ያለቁበት ቤተ ሰብ ወንዙ እስከ አፉ ሞልቶ ሳለ ለልጁ የሚያጠጣው ወተት የለውም። ስለዚህ ሙላቱ ሲወራ የምትጠይቁን ጥያቄ ይህ ይሁን፤ «በመጪው ጥር መለኪያው ስንት ያነብባል?» ቦቴው ይቁም አይቁም የምንወስነው ያን ቁጥር አይተን ነው። እስከዚያ ድረስ ከእኛ ጋር ቆዩ።