ጎመን በጤና፤ ስለ ትምህርት ቤት የአትክልት ቦታ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችን በልጅነቱ በትምህርት ቤት ጓሮ ዶማ ያልጨበጠ ጥቂት ነው። ነገር ግን ዶማውን የጨበጥነው ለምን ነበር? አብዛኞቻችን ከሰልፍ ስላረፈድን ወይም በክፍል ውስጥ ስለ ረበሽን ነው። እኛ በተማርንበት ትምህርት ቤት የአትክልቱ ቦታ የቅጣት ቦታ ነበር። የበቀለውን ጎመን ማን እንደ በላው እስከ ዛሬ አላወቅንም። እንግዲህ መሬት መቆፈር ቅጣት መሆኑን በልጅነቱ የተማረ ሰው፣ አድጎ ገበሬን ቢንቅ ምን ያስደንቃል?

አሳባችን አንድ ነው። የትምህርት ቤት አትክልት ትምህርት የሚሆነው፣ የተከለው ልጅ ራሱ ሲለካው፣ ራሱ ሲመረምረውና ራሱ ሲበላው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ትምህርቱ። 1 ሜትር ስፋትና 10 ሜትር ርዝመት ባለው መደብ ላይ ጎመን በ2 ረድፍ፣ በየ50 ሳንቲሜትሩ ቢተከል 40 ችግኝ ይይዛል፤ ይህ የሒሳብ ትምህርት ነው። የባቄላ ሥር ተነቅሎ ሲታይ ትናንሽ እብጠቶች ይገኙበታል፤ በውስጣቸው ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ለተክሉ ምግብ ያደርጉለታል። ይህን ከጥቁር ሰሌዳ ብቻ የገለበጠ ልጅ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል፤ ሥሩን በእጁ ይዞ ያየ ግን አይረሳውም።

ሁለተኛው ስለ ምግቡ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ከ10 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ያለ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። ይህን ያህል ለተማሪው ሁሉ ከአንድ ጓሮ ይገኛል ብለን አንዋሽም። የጓሮው ሥራ ሌላ ነው፤ ይኸውም የልጁን አፍ ከአትክልት ጋር ማስተዋወቅ ነው። «ጎመን በጤና» የሚለውን አነጋገር ሥጋ ያጣ ሰው መጽናኛ አድርገን ለምደነዋል። ዳሩ ግን ቃሉ እንዳለ እውነት ነው። ጎመንና ካሮት ሰውነታችን ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠውን ነገር ይሰጣሉ፤ የዚህ ቪታሚን እጥረት ዳፍንትን ያመጣል። በጥቂት ዘይት ሲሠሩ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማሉ።

አንድ ትልቅ እንቅፋት አለ። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ዋናው ዝናብ የሚዘንበው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። መስከረም ላይ ተማሪው ሲመለስ መደቡን አረም ውጦት ያገኘዋል፤ በበጋ ደግሞ ውሃ ይቸግራል። ለበጋው የጣራ ውሃ በበርሜል ማጠራቀም ይረዳል። ለክረምቱ ግን የሚያስፈልገው ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ብዙዎቻችን በየቤታችን ነን። እያንዳንዳችን በሰፈራችን ወዳለው ትምህርት ቤት ሄደን፣ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅደን፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር አንድ መደብ ብቻ እንያዝ።

መምህራን ሆይ፣ ነገም መምህር የምትሆኑ ጓደኞቻችን ሆይ፤ እናንተን የምንለምነው ዶማን ከቅጣት መዝገብ እንድትፍቁልን ነው። መስከረም ሲጠባ የሚመለሰው ልጅ በአረም ፋንታ ጎመን ያግኝ፤ ራሱ ይቅጠፈው፤ ራሱም ይብላው።