አክተሩ አይሞትም፤ ሌላውስ?

(በጂንካ ከተማ ለወጣት አንባቢያንና ለጀማሪ ደራሲያን የተደረገ ንግግር)



ስለ ሥነ ጽሑፍ እንድናገር ተጋብዤ ስመጣ፣ ብዙዎቻችሁ ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» አወራለሁ ብላችሁ ሳትጠብቁ አልቀራችሁም። ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ የመጣሁት ስለ ቢላዋ ላወራ ነው። ጭምብል አጥልቆ፣ ቢላዋ ጨብጦ፣ ወጣቶችን እያሳደደ ስለሚያርድ ሰው። ፈረንጆቹ «ስላሸር» የሚሉትን ፊልም ማለቴ ነው። መምህራን ግንባራችሁን እንዳትቋጥሩብኝ አደራ! ልጆቻችሁ ከመማሪያ መጽሐፋቸው ይልቅ ይህንን አሳምረው እንደሚያውቁ እኔም እናንተም እናውቃለን።

እውነቱን ለመናገር እኔ ስለ ገጸ ባሕርይ አፈጣጠር የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘሁት ከኮሌጅ አይደለም፤ ከቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ወንበር፣ በጆንያ የተጋረደ መስኮት፣ ደጃፉ ላይ የሚጮህ ስፒከር... መግቢያው 1 ብር። ፊልሙ ሲጀምር የሁላችንም ጥያቄ አንድ ነበር፤ «አክተሩ የቱ ነው?» አክተሩ ከታወቀ በኋላ ልባችን ያርፋል። ቤት ቢቃጠልበት፣ መኪና ቢገለበጥበት፣ ጥይት እንደ በረዶ ቢዘንብበት አንደነግጥም። ለምን ቢሉ፣ አክተሩ አይሞትማ!

ሌላው ግን ይሞታል። «ሌላው» ስም የለውም። በር ከፍቶ ይገባል፣ ይወድቃል፣ አለቀ። እኛም እንስቃለን። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠ ትንሽ ልጅ፣ ገና እንደገባ የተገደለውን ዘበኛ አይቶ፣ «ይሄ ሰውዬ እናት የለውም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ቤቱ በሙሉ ሳቀበት። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ። ዛሬ ይህን ሁሉ መንገድ አቋርጬ የመጣሁት ለዚያ ልጅ ዘግይቼም ቢሆን መልስ ልሰጠው ይመስለኛል።

ወደ ቢላዋው እንመለስ። ከእነዚህ ፊልሞች ስሙ የገነነው እ.ኤ.አ. በ1978 ጆን ካርፔንተር የሠራው «ሃሎዊን» ነው። በጀቱ ወደ 300 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ ለአሜሪካ ፊልም ይህ የቡና መጠጫ ነው። ጭምብሉ ከ2 ዶላር ባነሰ ዋጋ ከሱቅ የተገዛ ነው። «ስታር ትሬክ» በሚባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ካፒቴን ሆኖ የሚሠራውን ተዋናይ ፊት የያዘ የጎማ ጭምብል ነበር፤ ነጭ ቀለም ቀቡትና ሰውነቱ ጠፋ። በተዋንያኑ ዝርዝር ላይ እንኳ ጭምብለኛው የተጻፈው «ቅርጹ» ተብሎ ነው።

ታዲያ ይህ ፊልም ለምን አስፈራ? በደሙ ብዛት እንዳትሉኝ። ደም እምብዛም አይታይበትም። የፊልሙ ግማሽ ሦስት ልጃገረዶች ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ሲሄዱ፣ ስለ ወንድ፣ ስለ ፈተና፣ ማታ ስለሚጠብቁት የጎረቤት ሕፃን ሲጨዋወቱ ነው። ያንን ጭውውት በአብዛኛው የጻፈችው ዴብራ ሂል የምትባል ሴት ናት። የፊልሙን ከተማ ስም የወሰደችው ከራሷ የትውልድ ከተማ ነው፤ እርሷም በልጅነቷ የሰው ሕፃን እየጠበቀች ገንዘብ ታገኝ ነበር። የምታውቃቸውን ልጆች ጻፈች። ስለዚህ ቢላዋው ብቅ ሲል የምንፈራው ለምናውቃቸው ልጆች ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት አስመሳዮች ቢላዋውን ወሰዱ፣ ጭውውቱን ጣሉት። እ.ኤ.አ. በ1980 «ዓርብ 13» ወጣ፤ ቀጠለ፣ ተባዛ። ያ የሆኪ ጭምብል ያጠለቀው ታዋቂ ገዳይ ጭምብሉን ያገኘው በ1982 በወጣው በ3ኛው ክፍል ነው። ልብ በሉ! ክፍሉ በጨመረ ቁጥር ወጣቶቹ ይቀያየራሉ፣ ያልቃሉ፤ ገዳዩ ግን ተመልሶ ይመጣል። ተመልካቹ የሚያጨበጭበው ለማን ሆነ? ለገዳዩ! በእኛ የቪዲዮ ቤት ሕግ ብንሄድ የማይሞተው ማን ነው? አክተሩ። እንግዲህ ገዳዩ አክተር ሆነ ማለት ነው። እኔ ከደሙ ይልቅ የምቃወመው ይህንን ነው።

ካሮል ክሎቨር የምትባል አሜሪካዊት ምሁር በ1987 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ በእነዚህ ፊልሞች መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ አንዲት ልጅ በሕይወት እንደምትተርፍ አሳይታለች፤ «የመጨረሻዋ ልጃገረድ» አለቻት። ጠንቃቃ፣ ጨዋ፣ ዓይኗን የማትከድን ልጅ። ጥሩ ነው፤ እኔም ይህችን ልጅ እወዳታለሁ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ያልጠነቀቀችዋስ? ያቺ የምትስቀዋ፣ ያቺ ፍቅር የያዛትስ? ሞት የሥነ ምግባር ፈተና ውጤት ሲሆን የሞተ ሁሉ ጥፋተኛ ሊባል ነው። ይህ አስተሳሰብ ደግሞ ከፊልም ቤት ወጥቶ ጎዳና ላይ ሲሄድ አይተነዋል፤ «ዝም ብሎማ አይገደልም፣ አንድ ነገር ቢያደርግ ነው» ሲባል ሰምተናል።

አሁን ስለ አንዲት ደራሲ ልንገራችሁ። ሎይስ ደንከን ትባላለች። ለወጣቶች ልብ ሰቃይ ልብወለድ ትጽፍ ነበር። በ1973 (እ.ኤ.አ. ነው) ባሳተመችው መጽሐፍ አራት ወጣቶች በመኪና ሲሄዱ ብስክሌት የሚነዳ ትንሽ ልጅ ገጭተው ይሸሻሉ፤ ለማንም ላይናገሩ ይማማላሉ። ከወራት በኋላ «ባለፈው ክረምት ያደረጋችሁትን አውቃለሁ» የሚል ወረቀት ይደርሳቸዋል። መጽሐፉ የሚያስጨንቀው በዚያ ነው፤ በሕሊና። ከአራቱ አንዳቸውም አይሞቱም።

በ1989 የደራሲዋ የ18 ዓመት ልጅ መኪና እየነዳች ሳለ በጥይት ተመትታ ተገደለች። እናትየዋ ገዳዩን ፍለጋ ዓመታት ዞረች፤ በ1992 «ልጄን ማን ገደላት?» ብላ መጽሐፍ አሳተመች። በ1997 ደግሞ ያ የድሮ ልብወለዷ ፊልም ሆኖ ወጣ። ልታየው ሄደች። በመጽሐፏ ውስጥ ያልነበረ ሰው በዝናብ ካፖርትና በብረት መንጠቆ እየዞረ የፈጠረቻቸውን ልጆች ሲያርድ አየች። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ወጣቶች ደግሞ ሊዝናኑ ፋንዲሻቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ደራሲዋ ፊልሙ እንዳስቆጣት ከማለፏ በፊት በይፋ ተናግራለች፤ ልጇን የቀበረች እናት የልጅ መታረድ መዝናኛ ሲሆን እንዴት ያስችላት?

እንግዲህ ወገኖቼ፣ «ይሄ ሰውዬ እናት የለውም እንዴ?» ላለው ልጅ መልሱ ይኸውና። እናት አለው። እናቲቱም አዳራሹ ውስጥ ተቀምጣለች። ስትጽፉ እርሷ እንዳለች አድርጋችሁ ጻፉ።

«ይህ የፈረንጅ ጣጣ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ያገባናል! የእኛ አገር ፍርሃት እንዲያውም ከፈረንጁ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ገዳዩ ጭምብል አያስፈልገውም ነበር። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም በቀይ ሽብር ዘመን ወጣቶች ተገድለው መንገድ ላይ ሲጣሉ፣ ደረታቸው ላይ ጽሑፍ ሲለጠፍ፣ ገዳዩ የቀበሌው ሰው ነው፤ ስሙ ይታወቃል፣ ቤቱ ይታወቃል፣ ትናንት ቡና አብሮ የጠጣ ነው። ስሙ የጠፋው የሟቹ ነው፤ ደረቱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ስሙ «ፀረ አብዮተኛ» ሆነ። «ኦሮማይ»ን የጻፈው በዓሉ ግርማ በየካቲት 1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደወጣ ቀረ፤ ደራሲው ራሱ መጨረሻው ያልተጻፈለት ገጸ ባሕርይ ሆነ።

ዛሬስ? ዛሬ ደግሞ ጭምብሉ ተመልሷል። ዜናውን አዳምጡ፤ «ያልታወቁ ታጣቂዎች በፈጸሙት ጥቃት ይህን ያህል ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል»። ገዳዩ አልታወቀም፣ ሟቹ ቁጥር ነው። ያ ነጭ ቀለም የተቀባ ጭምብልና «ያልታወቁ ታጣቂዎች» የሚለው ቃል በእኔ ዓይን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በዚህ ጥበብ ባለሥልጣኖቻችን ከካርፔንተር ይበልጣሉ፤ 2 ዶላር እንኳ አላወጡበትም።

አሁን ወደ እናንተው አገር ልምጣ። እዚህ ጂንካ የቅዳሜ ገበያ ላይ አሪውም፣ በናውም፣ ሙርሲውም ይመጣል። ይህንኑ ሕዝብ ፈረንጁም የአዲስ አበባ ሰውም ካሜራ ይዞ ይመጣበታል። ፎቶ አንሺው የሚፈልገው ከንፈር ላይ የተሰካውን ሸክላ ነው፤ ከሸክላው በስተጀርባ ያለችው ሴት ግን «ሌላው» ናት። ሴትየዋ «ሂሳብ!» ስትል ደግሞ «ገንዘብ ወዳዶች ሆኑ» ተብላ ትታማለች። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ በዚያ ትዕይንት ውስጥ አንድ እውነተኛ ገጸ ባሕርይ ብትኖር እርሷ ናት። የምትፈልገው ነገር አላት፤ እጇን ዘርግታ ትጠይቃለች፤ በነፃ አጃቢ አልሆንም ትላለች። ደራሲ ቢሆን ኖሮ «ገንዘቡን ለምን ፈለገችው?» ብሎ ይነሳና አንድ ልብወለድ ይጽፍ ነበር።

ይህን የሞከሩ የሉም አልልም። ፍቅረማርቆስ ደስታ «ከቡስካ በስተጀርባ»ን እና «ኢቫንጋዲ»ን ሲጽፍ፣ ሐመርን በካርታ ላይ እንኳ የማያውቅ የከተማ ወጣት የሐመር ሰው በፍቅር ሲሰቃይ፣ ሲቀና፣ ሲቀልድ አነበበ። ሐመሮቹ ስም ነበራቸው። ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣነው ብዙዎቻችን ግን ልክ እንደ «ሃሎዊን» አስመሳዮች ከብት ዝላዩንና አለንጋውን ወስደን ሰዎቹን ተውናቸው። ጂን ላይዶልና ጆአና ሄድ ከ1990 እስከ 1994 (እ.ኤ.አ.) ለቢቢሲ በሠሯቸው ሦስት ፊልሞች የሐመር ሴቶች ስለ ትዳራቸው ራሳቸው ይናገራሉ፤ ይስቃሉ፣ ያማርራሉ። በ2009 ደግሞ የሙርሲው ተወላጅ ኦሊሳራሊ ኦሊቡይ ከቤን ያንግ ጋር «ሹቲንግ ዊዝ ሙርሲ»ን ሠራ፤ ካሜራው በሙርሲ እጅ ገባ። ታዲያ በአማርኛ ለወጣት የሚጻፈው መጽሐፍ ከዚህ እንዴት ወደኋላ ይቀራል?

አንድ ምሳሌ ልስጥና ላብቃ። በነሐሴ 1998 ዓ.ም ኦሞ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ300 በላይ ሰው ወሰደ። ቁጥሩን ጋዜጣ ጽፎታል። ከሟቾቹ አንዱን ገጸ ባሕርይ አድርጎ የጻፈ ደራሲ ግን እኔ አላነበብኩም። እስቲ አንዳችሁ ልትጽፉት ነው እንበል። የፊልም ቤቱ ልማድ ምን ይላችኋል? ውኃውን ጭራቅ አድርገው፣ ሌሊት አምጣው፣ አስጩኻቸው፣ ጨርስ። ነገር ግን የዳሰነችን ሰው ብትጠይቁት ውኃው ጭራቅ ብቻ አይደለም። ኦሞ በየዓመቱ ሞልቶ ሲጎድል በተወው ደለል ላይ ነበር ማሽላው የሚዘራው። ሙላቱን ይጠብቀው፣ ይናፍቀው ነበር። ጊቤ ሦስት ግድብ በ2009 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ የሙላቱ መቅረት ራሱ ሌላ ጭንቀት ሆኗል። እንግዲህ የእናንተ ሟች የገደለውን ውኃ ሲጠብቅ የነበረ ሰው ነው። ያን ዕለት ማታ ምን አስቦ ተኛ? ዘሩን የት አስቀመጠ? ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር? ለማን ከብት ሊሰጥ ቃል ገብቶ ነበር? ይህን ከጻፋችሁ በኋላ ውኃው ይምጣ። ያኔ አንባቢው አይስቅም።

ሙያዬ ጋዜጠኝነት ነውና ይህንን ምክር ለእናንተ ብቻ አልሰጥም፤ ለራሴም ነው። እኔም «ይህን ያህል ሰው ሞተ» ብዬ ጽፌ፣ ሂሳቤን ተቀብዬ፣ ማኪያቶ የጠጣሁበት ቀን አለ። ስም ጠይቁ። ስም መጻፍ የሚያስፈራበት ዘመን ከሆነ ደግሞ በልብወለድ ስም አውጡለት፤ የሚወደውን ምግብ፣ የሚጠላውን ጎረቤት ስጡት። ጭምብሉን ከገዳዩ ፊት ላይ ማውለቅ ላይሆንላችሁ ይችላል። ለሟቹ ፊት መስጠት ግን ትችላላችሁ፤ ለዚያ ፈቃድ የሚሰጥም የሚከለክልም ቢሮ የለም።

አክተሩ አይሞትም ይባል የለ? እንግዲያስ በምትጽፉት ሁሉ «ሌላውን» አክተር አድርጉት።