በጀርባ የሚታዘል ውኃና የቱቦው ንጽሕና

አቅራቢት፦ እ.ኤ.አ. በ1989 ማይክል ኤይድሰን የተባለ አሜሪካዊ ብስክሌተኛ፣ በቴክሳስ በዊቺታ ፎልስ ከተማ በብርቱ ሙቀት በሚካሄድ ጉዞ ላይ፣ የጉሉኮስ ከረጢት ውኃ ሞልቶ በካልሲ በመሸፈን ከጀርባው ያሰረበት ዘዴ፣ ዛሬ ከነልጆቻቸው ተራራ ለሚወጡ ቤተሰቦች የሚያገለግል መያዣ ሆኗል።

አቅራቢ፦ ጥቅሙ ባይካድም፣ 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ስለሚመዝን የልጅ ሸክም እንደ አቅሙ መሆን ይገባዋል፤ ከረጢቱም ቦርሳ ውስጥ ስለሚደበቅ የቀረው መጠን አይታይም።

አቅራቢት፦ ዋናው ችግር ግን ከጉዞ መልስ ነው፤ ውኃው ከከረጢቱ በሚጠጣበት እርጥብ ቱቦ ውስጥ ባክቴሪያዎች ተጣብቀው የሚሠሩት፣ ባዮፊልም የሚባለው የሚያዳልጥ ሽፋን፣ በተለይ ጭማቂ ከተሞላበት ስኳሩን ተመግቦ ስለሚፋፋ፣ በማለቅለቅ ብቻ አይለቅም።

አቅራቢ፦ ስለዚህ ሲጠጣ የሚነከሰው የቱቦው ጫፍ (ልጆች አፈር ላይ የሚጎትቱት እርሱን ነው) ተነቅሎ፣ ቱቦውም በቀጭን ብሩሽ፣ በለብታ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ በረኪና የሚጠቀም ሰው በብዙ ውኃ አቅጥኖ፣ በኋላም ደጋግሞ ማለቅለቅ፣ ከኮምጣጤ ጋር ግን ፈጽሞ አለመቀላቀል አለበት፤ ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣልና።

አቅራቢት፦ ማድረቁ ከማጠቡ ይልቅ ትዕግሥት ስለሚጠይቅ፣ ከረጢቱ አፉ ተከፍቶ ተዘቅዝቆ ይሰቀላል፤ ጊዜ ያጠረው ቤተሰብ የታጠበውን ባዶ ከረጢት ፍሪዘር ውስጥ ቢያቆየው ቅዝቃዜው የሻጋታን እድገት ይገታል።