ከመስክ እስከ ቤተ ሙከራ

አቅራቢ 1፦ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር፣ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በወንዙ ውኃ ይለማሉ። ሰብሉ ሲታመም ለምርመራ የሚበጀው ፈጽሞ የደረቀው ተክል አይደለም፤ በሞተ ተክል ላይ ሌላ ሻጋታ ስለሚሰፍር ዋናው መንስኤ ይሸፈናል። ሕመሙ ገና የጀመረው ከነሥሩ ተነቅሎ በደረቅ ጋዜጣ ይጠቀለላል። ጤነኛ ተክልም ለማነጻጸሪያ አብሮት መላክ አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይኸው ነው።

አቅራቢ 2፦ ትል ግን በጋዜጣ አይላክም። በፈላ ውኃ ለአፍታ ተነክሮ ከ70 እስከ 80 በመቶ በሆነ አልኮል ውስጥ ይቀመጣል፤ አለበለዚያ ይጠቁራል። በ2009 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች የሚለየው በግንባሩ ላይ ባለው የተገለበጠ ባላ መሰል ምልክትና በጅራቱ አቅራቢያ በአራት ማዕዘን በተደረደሩ አራት ነጥቦች ነው። የጠቆረ ትል ይህን አያሳይም። መለያው በእርሳስ ይጻፋል፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል።

አቅራቢ 1፦ አፈሩስ?

አቅራቢ 2፦ ከማሳው ከ10 እስከ 20 ቦታዎች፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ይደባለቃል። የዚንክ ቅብ ያለው ባልዲ የብረታ ብረት ምርመራን ያዛባል። ከድብልቁ አንድ ኪሎ ያህል በጥላ ይደርቃል፤ የሥር ትል (ኔማቶድ) ከተጠረጠረ ግን እርጥበቱ ሳይጠፋ በፕላስቲክ ታሽጎ ይላካል።