ፋይሉ ላይ ምን ብለን እንጻፍ? (ለአዲስ መዝጋቢዎች የተደረገ ንግግር)

ዛሬ የምናገረው የሚላክልንን ፎቶ፣ ቪዲዮና ቮይስ ለመመዝገብ አዲስ ለገባችሁት ነው። አትፍሩ፤ እኔም ከ10ኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ሥራው የሚፈልገው ጥንቃቄ ነው።

አንዲት እህት ያልተከፈላትን ደመወዝ ስትጠይቅ ብዙ ጊዜ ማስረጃዋ ስልኳ ላይ ያለው ብቻ ነው፦ የውሉ ፎቶ፣ የባንክ መልእክት፣ የማዳሟ ቮይስ። እኛ "የልጅቷ ቮይስ" ብለን ካስቀመጥነው ከወር በኋላ ማን ፈልጎ ያገኘዋል?

አንደኛ፣ ቀኑን ከነአቆጣጠሩ ጻፉ። እዚህ የምንኖረው በሦስት ካላንደር ነው። የኛ መስከረም 5 ቀን 2017 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024 ነው፤ በሂጅሪ ዓመቱ 1446 ነበር። ሪያድና አዲስ አበባ ሰዓታቸው እኩል ቢሆንም የኛ አቆጠራጠር በ6 ይለያል። ስለዚህ "3 ሰዓት" ብላችሁ አትተዉት፤ "በኛ ጠዋት 3፣ በስልኩ 9" በሉ።

ሁለተኛ፣ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ብቻ ጻፉ። ፎቶው የሚያሳየው ያበጠ እጅ ከሆነ "ያበጠ ቀኝ እጅ" በሉ እንጂ "ማዳሟ መታቻት" አትበሉ። እሷ የነገረችንን "እሷ እንዳለችው" ብላችሁ ለብቻው አስፍሩ። አረብኛው ካልገባችሁም "አልገባኝም" ብሎ መጻፍ ነውር የለውም፤ ነውሩ መገመት ነው።

ሦስተኛ፣ ዋናውን ፋይል አትቁረጡ፣ አታሳምሩ። ዋትሳፕ ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ ጥራቱን ይቀንሳል፣ የተነሳበትንም ቀን ከውስጡ ያጠፋል። "እንደ ዶክመንት ላኪልን" በሏት።

አራተኛ፣ ስምና የኢቃማ ቁጥር ፋይሉ ላይ አይጻፍ። ፋይሉ ቁጥር ይሰጠው፤ ስሙ ሌላ ደብተር ላይ ይቀመጥ። "ቤት ውስጥ ሰው ቅረጪ" ብላችሁም እንዳትመክሩ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳዑዲ የሳይበር ወንጀል ሕግ በስልክ ካሜራ የሰውን ግላዊ ሕይወት መድፈርን እስከ 1 ዓመት እስርና እስከ 500,000 ሪያል ያስቀጣል።

ጥሩ ምዝገባ እንዲህ ነው፦ "ቁጥር 14፤ ቮይስ፣ 1 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ፤ ሴት፣ በአረብኛ፤ ስለ ሁለት ወር ደመወዝ የምትናገረው 45ኛው ሴኮንድ ላይ፤ የደረሰን መስከረም 5/2017፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 15/2024።"

ለመለማመድ ሁለት ሁለት ሁኑና አንዱን ፋይል ለየብቻ መዝግቡ፤ ከዚያ አስተያዩት። የተለያያችሁበት ቦታ ላይ ተነጋገሩ፤ ትምህርቱ እዚያ ነው ያለው።

እኛ በደንብ ከጻፍነው እህታችን የደረሰባትን ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አዲስ እያለቀሰች አትተርክም። አላህም እግዚአብሔርም ይርዳን፤ በርቱ።