ጓሳ በአደይ ወቅት

እሷ፦ ክረምቱ ወጣ፣ አደይ ፈካ። እኔ ዘንድሮ መንዝ፣ ጓሳ እንሂድ ባይ ነኝ።

እሱ፦ ብርዱስ? ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ እኮ ነው!

እሷ፦ ጋቢ ደርብ። ጠዋት ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሣር ሲነጩ ታያለህ።

እሱ፦ ዝንጀሮ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ?

እሷ፦ ቀይ ቀበሮም አለ። ጭላዳዎቹ መሃል ገብቶ አይጥ ያድናል፤ ልጆቻቸውን ግን እምብዛም አይነካም።

እሱ፦ እና ዝም ይሉታል?

እሷ፦ አብዛኛውን ጊዜ አዎ። ተመራማሪዎች ተከታትለው እንዳዩት፣ ብቻውን ከሚያድንበት ይልቅ መንጋው ውስጥ ሲሆን በጣም ይቀናዋል።

እሱ፦ ጉድ ነው! ግን ሰው ሲበዛ አይረበሹም?

እሷ፦ ራቅ ብለህ ተቀመጥ፣ ምግብ አትወርውር። የመንዝ ሰው እኮ ሣሩን በራሱ ደንብ እየዘጋ፣ እየከፈተ ለዘመናት ጠብቆታል።

እሱ፦ እሱስ እውነትሽን ነው። መኪናውን ማን ያመጣል ታዲያ?