አልማዝ ከየት ይመጣል? የረርስ አልማዝ አለው?
(በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ሰሞኑን የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ይዘው በየቤቱ እየዞሩ «ከየረር ተራራ የወጣ አልማዝ ነው» የሚሉ ሰዎች መጥተዋል። አንዲት እናታችን የደረሳቸውን ዕቁብ በሙሉ ከፍለው ገዙ። ሰዎቹም ገንዘቡም እስካሁን አልተገኙም። ስለዚህ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ።

አልማዝ እንደ ከሰል ካርቦን ነው። የሚፈጠረው ከምድር በታች 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ላይ፣ በከባድ ጭነት ተጨምቆ ነው። አብዛኛው ዕድሜው ከ1 ቢሊዮን ዓመት ይበልጣል። ታዲያ ማን ያወጣዋል? ኪምበርላይት የሚባል የቀለጠ አለት ነው። ስሙን ያገኘው በ1871 እ.ኤ.አ. የአልማዝ ቆፋሪ ከጎረፈበት ከደቡብ አፍሪካው ኪምበርሊ ነው። ይኸ አለት በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ ይፈነዳል። ቀስ ቢል ኖሮ አልማዙ መንገድ ላይ ይሟሟ፣ ወይም እርሳስ ውስጥ ወዳለው ጥቁር ነገር ይለወጥ ነበር። አልማዝ ያለውም እጅግ ያረጀ፣ ወፍራምና ቀዝቃዛ ሥር ባለው መሬት ላይ ነው።

የእኛ መሬት ግን ከሥሩ የሞቀ ነው፤ ስምጥ ሸለቆውም አጠገባችን ነው። አጥራችንን የሠራንበት ጥቁር ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፤ የቀለጠው ግን አልማዝ ከሚፈጠርበት ጥልቀት በላይ ነው። የረርም የጠፋ እሳተ ገሞራ እንጂ ኪምበርላይት አይደለም።

አገራችን ከምድር ጥልቅ ምንም አላገኘችም ማለቴ አይደለም። በቦረና ሜጋ አካባቢ እሳተ ገሞራው የታችኛውን አለት ቆርሶ አውጥቶታል፤ ፔሪዶት የሚባል አረንጓዴ ዕንቁም ይገኝበታል። ዕንቁ ነው፤ አልማዝ ግን አይደለም።

ሻጮቹ ድንጋዩ መስታወት ሲቧጭር ያሳያሉ። በዚህ አትታለሉ! ፔሪዶትም ኳርትዝ የሚባለው ተራ ነጭ ድንጋይም መስታወት ይቧጭራል።

እንግዲህ አደራዬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ፈቃድ ከሌለው ሰው የከበረ ድንጋይ አትግዙ፤ በሕግም ያስጠይቃል። ሁለተኛ፣ ወጣቶች አልማዝ ፍለጋ የድንጋይ ካባ ሥር አትቆፍሩ፤ የተሸረሸረ ገደል ሰው ይበላል። ሦስተኛ፣ የተታለለ ሰው አይፈር፤ እኛም አንሳቅበት። ለማኅበሩ ይንገር፤ አብረን ወደ ፖሊስ እንሄዳለን። ዝም ካልን ነገ የሌላ ጎረቤት በር ይንኳኳል።



የማኅበሩ ጸሐፊ